ጋሽ ደምሴ የሳቁ ቀን

(እትዬ ጽጌ አያት ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ለጎረቤት ወጣቶች እንዳጫወቱት። ቃላቸው እንዳለ ተጽፏል።)

በኛ ጊዜ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል ገላውን ይታጠብ ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው! ፎቶው ጠረን ያለው ይመስል ቅዳሜ ይታጠባል፣ ጸጉሩን ይስተካከላል፣ ሱሪውን ፍራሽ ስር አድርጎ ይተኛበታል፣ እና እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ፎቶ ቤት ይመጣል። ታዲያ ያ ሁሉ ተደርጎ ካሜራው ፊት ሲቆም ምን ይሆናል? ይደርቃል! እንደ ቤተመንግሥት ዘብ ቀጥ ይላል። «ጋሼ፣ ይተንፍሱ እንጂ» እለዋለሁ፤ ከንፈሩን ሳያነቃንቅ «ይበላሻል» ይለኛል። «ምኑ ነው የሚበላሸው?» «ፎቶው።» እና ሳይተነፍስ ይነሳል፣ ዓይኑ ፈጦ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ። ፎቶው ሲወጣ ደግሞ «ምነው ልጄ፣ አስፈሪ አደረግሽኝ?» ይለኛል። እኔ! እኔ አስፈሪ አድርጌው!

ሜላት፣ አንቺ እዚህ በሬ ፊት ለፊት ተቀምጠሽ የምትሸጪውን ጫማ በስልክሽ ቀጭ ቀጭ ስታደርጊ ሳይሽ ምን እላለሁ መሰለሽ? ዕድለኛ ናት እላለሁ። ጫማ አይደርቅማ! እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰው እንዳይደርቅብኝ ስታገል ነው።

ሙያውን የለመድኩት ፒያሳ፣ አንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ጨለማ ክፍል ማለት ፊልም የሚታጠብበት ነው፣ አንዲት ቀይ አምፖል ብቻ አለች። የገባሁት ለጽዳት ነበር። ታዲያ ባለቤቱ ሽማግሌ ሰውዬ አንድ ቀን ብርጭቆ ሳጥብ አዩኝና «እጅሽ አይንቀጠቀጥም» ብለው ቀጭን ብሩሽ ሰጡኝ። ሪታች አስተማሩኝ። ፎቶ ላይ ያለ ጠባሳ፣ ብጉር፣ ምን፣ እሱን በብሩሽ ማጥፋት ነው፤ የናንተ ስልክ ነካ አድርጎ የሚያደርገውን እኔ ዓይኔ እስኪያለቅስ ነበር የማደርገው። መጀመሪያ ሰሞን ታዲያ ሙያ ላሳይ ብዬ ያንዲትን ልጅ ጉንጭ ላይ ማርያም የሳመቻትን ድራሹን አጠፋሁላት! እናትየው መጡና ፎቶውን አገላብጠው አይተው «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ነው ሰው ፊት ላይ ያለ ነገር ሁሉ ቆሻሻ እንዳልሆነ የገባኝ።

ሽማግሌው ሲደክሙ ሱቁን ዘጉና አንዱን አሮጌ ካሜራ ለኔ መረቁልኝ። እና መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ፣ እማማ አቦነሽ የሚባሉ ሴትዮ መንገድ ዳር ያለች ክፍል ነበረቻቸው፣ እሷን ተከራይቼ ፎቶ ቤት ከፈትኩ። ኮትና ክራባት ሰቀልኩ፣ ለሌለው እንዲለብስ፤ መስታወትና ማበጠሪያ አስቀመጥኩ፤ ከኋላ የሚንጠለጠለውን መጋረጃ ሰፈር ያለ ሠዓሊ ሳለልኝ፣ ሐይቅና አውሮፕላን። አውሮፕላኑ ግን ዓሣ መሰለበት። ሐይቁን ዝቅ፣ እሱን ከፍ አድርጎ ስሎት ሰው ሁሉ «ይሄ ዓሣ ምን ሊያደርግ ሰማይ ወጣ?» ይለኛል።

ዓሣውስ ይሁን። የከፋው ሴት መሆኔ ነው። ወንዱ በር ላይ ይቆምና «ፎቶ አንሺው የለም?» ይላል። «እኔ ነኝ።» «አይ፣ ዋናውን ነው።» «ዋናዋም እኔ ነኝ።» «እሺ፣ ሲመጣ እመለሳለሁ» ይልና ይሄዳል! ሲመጣ! ማን ሲመጣ? አንዱ ወታደር ደግሞ ገባልኝ፣ ተቀመጠ፣ እና አገጩን ቀና ላደርግ እጄን ስዘረጋ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። «እኔን አገጬን የነኩኝ እናቴና ፀጉር ቆራጬ ብቻ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። እማማ አቦነሽ ይሄን ሁሉ ከግቢያቸው ይሰማሉ፣ እና ማታ ማታ «ጽጌ፣ ቤቴ ስሙ እንዳይነሳ፣ ሰምተሻል?» ይሉኛል። ጥብቅ ሴት ነበሩ። ቤታቸውንም ስማቸውንም እኩል ነው የሚጠብቁት።

ታዲያ አንድ ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አንድ ሸበላ ሰው መጣ። ሙሉ ልብስ፣ ጥቁር መነጽር፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ። ግርማ ይባላል። መስኮቴ ላይ የሰቀልኩትን የአንዲት እንጨት ተሸካሚ አሮጊት ፎቶ ቆሞ አየ፣ አየ፣ አየና ገባ። «ይሄን ማን አነሳው?» «እኔ» አልኩ፣ እና አሁን ‹ዋናው የታለ› ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ሥራ አለኝ፣ ትችያለሽ?» አለኝ። ሥራው ምን እንደሆነ እንኳን ሳልጠይቅ «እችላለሁ» አልኩ።

ግርማ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የማስታወቂያ ኃላፊ ነው። ለከተማው ሁሉ የሚለጠፍ ፖስተር ይፈልጋል። «ቆንጆ ልጅ አልፈልግም» አለ፣ «ቆንጆ ልጅ ብርድ አታውቅም። ብርድ የሚያውቅ ፊት፣ እሱም ሞቆት ሲስቅ!» እኔም «ብርድ የሚያውቅ ፊት ከፈለጉ እንጦጦ ነው» አልኩት።

አንድ ሰው በልቤ ነበራ! ጋሽ ደምሴ። ለንግሥ እንጦጦ ስወጣ፣ ምዕመኑን ላነሳ፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ነው የማልፈው፤ እዚያ ድንችና ገብስ የሚያመርቱ፣ ጥቂት በግ ያላቸው ሰው ናቸው። ውሃ ሲጠማኝ የሚያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ፊታቸው፣ እንዴት ልንገራችሁ፣ ገደል ነው የሚመስለው፣ ንፋስና ፀሐይ የጠረበው። ሲያዩት ዓይን አይነቀልም። አንድ ችግር ብቻ ነው ያላቸው፣ አይስቁም። የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል፣ «ደምሴ ከሳቀ ዝናብ ይመጣል» ይላሉ።

ወጣን። ግርማ በዚያ ጫማ የእንጦጦን ዳገት! በየደቂቃው በመሐረብ ይጠርገዋል፣ እና ድጋሚ ጭቃ ይረግጣል። ስንደርስ እትዬ የሺ፣ የጋሽ ደምሴ ባለቤት፣ የሉም፤ ዘመድ ሞቶባቸው ሱሉልታ ለቅሶ ሄደዋል። ነገሩን ለጋሽ ደምሴ አስረዳኋቸው። «ብርድ ልብሱን ለብሼ እቀመጣለሁ፣ ከዚያስ?» አሉ። «ከዚያ ይስቃሉ።» «መልበሱን እለብሳለሁ» አሉ።

ደጅ በርጩማ ላይ አስቀመጥናቸው፣ ከኋላ ባሕር ዛፉ፣ ጭጋጉ፣ ምን ልበላችሁ፣ ቦታው ራሱ ፎቶ ነው። ቀይ፣ ትልልቅ አበባ ያለበት ብርድ ልብስ ነው፣ እስከ አንገታቸው ድረስ ጥቅልል አድርገን ሸፈንናቸው፣ እጃቸውም ከውስጥ። እና ማሳቅ ተጀመረ። ግርማ ቀልድ አወራ። ምንም። ሌላ አወራ። ጋሽ ደምሴ «ከዚያስ ሰውዬው ምን ሆነ?» አሉት፣ ከልባቸው አዝነው! ጎረቤት ተሰበሰበ፣ አንዱ እንደ ዶሮ ጮኸ፣ አንዱ ዘፈነ፣ አንዲት ሴትዮ «ደምሴ በናትህ፣ ለልጅቷ ብለህ» ብላ ለመነች። ምንም! እኔም አንሺ ሲሉኝ አነሳለሁ፣ ፊልሙ እያለቀብኝ ነው። ያነሳሁት ሁሉ ቁጡ ሽማግሌ በአበባ ተጠቅልሎ ነው። ላቤ ይወርዳል፣ በዚያ ብርድ። ያቺ ሥራ ከከሸፈች እንግዲህ ማን ሌላ ሥራ ይሰጠኛል?

በመጨረሻ ግርማ ትዕግሥቱ አለቀ። ሌላኛውን ብርድ ልብስ፣ ሁለት ነበር ይዘን የሄድነው፣ እሱን አውጥቶ ራሱ ተከናነበ፣ እስከ ጭንቅላቱ፣ እና ሜዳው መሐል ጎንበስ ቀና እያለ «እንዲህ ነው! ሲሞቅ እንዲህ ነው የሚሳቀው! ካካካካ! አዩ? ካካካካ!»

ታዲያ ጋሽ ደምሴ አንድ አውራ በግ ነበራቸው፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ጥግ ላይ ሳር የሚግጥ። በጉ ቀና አለ። አየ። ቀይ ነገር፣ አበባ ያለው፣ የሚያሽካካ፣ ጎንበስ ቀና የሚል፤ እንዲህ ያለ ፍጡር እንጦጦ ላይ አይቶ አያውቅም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እኔ አይቼዋለሁ፣ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። እና መጣ! ከኋላ፣ ልክ ጎንበስ ሲል፣ ድው! ግርማ በአየር ሄደ። እውነቴን ነው፣ በአየር! ከጋሽ ደምሴ ጎን ያለው የድንች እርሻ ውስጥ በግንባሩ ተተከለ፣ እግሩ ወደ ሰማይ።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፣ ሂ… ሂሂ… ዞር ስል ጋሽ ደምሴ ናቸው። ብርድ ልብሱ ውስጥ ይታገላሉ፣ እጃቸውን ሊያወጡ፣ አፋቸውን ሊሸፍኑ፣ ግን እኔ ነኝ የጠቀለልኳቸው፣ እጃቸው አልወጣም! ሳቁ ቀደማቸው። ልጆች፣ እንዲያ ያለ ሳቅ አይቼ አላውቅም። ያ ገደል ፊት ተሰነጠቀና ፀሐይ ወጣበት። የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ሁለቱ የለም፣ በዚያ መስኮት ሳቁ ይፈሳል፣ እንባቸው ይወርዳል። እኔ ምን አደረግሁ? ቀጭ! ፊልሙ እዚያው አለቀ።

ግርማን አነሳነው። መነጽሩ አፈር፣ አፉ ውስጥ አፈር። የመጀመሪያ ቃሉ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? «አነሳሽው?» ያ ሰው ለሥራው ያደረ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

እኔ ጋሽ ደምሴን ጠየቅኳቸው፣ ሳቃቸው በረድ ሲል። «ጋሼ፣ ይሄ ፎቶ ይውጣ? ጥርስዎ ይታያል።» ፊታቸው ዘጋ አለ። «የት ነው የሚወጣው?» «ከተማ ግድግዳ ላይ።» «እዚህስ ይመጣል?» «እዚህ እንኳ አይመጣም።» አሰቡ፣ አሰቡና «ከተማ አያውቀኝም። ይውጣ» አሉ። የተስማማነውን ብር ተቀበሉ፣ ብርድ ልብሱንም ግርማ መረቀላቸው።

ፖስተሩ ወጣ። ‹ብርድ፣ ደህና ሰንብት!› ይላል፣ ከታች ጋሽ ደምሴ ይስቃሉ። የጉድ ነው የወጣው! ሰው አውቶቡስ ሲጠብቅ ያየውና ይስቃል፣ ለምን እንደሚስቅ ሳያውቅ። ፎቶ ቤቴ መሰለፍ ጀመረ፣ ያ አገጬን ነካሽኝ ያለው ወታደር እንኳ «እህቴ፣ እንደዚያ ሽማግሌ አርጊኝ» ብሎ ተመለሰ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ዓለም ሁሉ የኔ ነች።

ታዲያ ምን ይሆናል፣ አንድ ጠዋት አንዱን የባንክ ሠራተኛ ክራባት እያሰርኩ ለጉርድ ፎቶ ሳዘጋጅ፣ በሩ በርግድ! አንዲት ረጅም ሴትዮ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች፣ እጇ ላይ የተገነጠለ ፖስተር፣ የግድግዳው ኖራ ሳይቀር አብሮት መጥቷል። «ይቺን ያነሳሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። «አዎ፣ እኔ ነኝ።» «እኔ ደግሞ የሺ ነኝ። ሚስቱ።»

እትዬ የሺ ድንች ይዘው ፈረንሳይ ጉልት ወርደው ነው፣ ከተቀመጡበት ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ባላቸው ይስቃሉ! ድንቹን ለጎረቤታቸው ጥለው፣ ማን እንዳነሳው ጠይቀው መጡ። «እኔ ለዚህ ሰውዬ ልጆች ወልጄለታለሁ፣ ልጆቹም ወልደዋል፣» አሉ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «እኔ ጥርሱን አላየሁም! ሲስቅ አላየሁም! ሊስቅ ሲል ጋቢውን አፉ ላይ ይደፍናል። ከሱሉልታ ስመለስ አዲስ ብርድ ልብስ አልጋዬ ላይ አገኘሁ፣ ‹ከየት?› ስለው ‹ሰው ሰጠኝ› አለ። አሁን ገባኝ ማን እንደሰጠው! ለኔ ያጣውን ሳቅ ላንቺ ከየት አመጣው?»

«እትዬ፣ እኔ አይደለሁም ያሳቅኳቸው፣» አልኩ፣ «በጉ ነው!»

«በጉ?»

«በጉ ነው፣ ማርያምን!»

«በግ ከሆነ የሚያስቀው፣» አሉ እትዬ የሺ፣ «እኛ ቤትኮ ከበግ ጋር ነው የምናድረው!»

ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ። የባንክ ሠራተኛው መጋረጃው ኋላ ገብቶ ተደበቀ፣ ዓሣው ስር እግሩ ብቻ ይታያል። እማማ አቦነሽ ደረሱ። የሰፈር ወሬ ታውቃላችሁ፤ እስከ ምሳ ሰዓት «ጽጌ ባል ቀማች» ተባለ፣ እስከ ማታ ደግሞ ከጋሽ ደምሴ ልወልድ ነው። እማማ አቦነሽ ሲመሽ ጠሩኝና «ልጄ፣ እኔ አልፈርድብሽም፣ ግን ይሄ ነገር በሽማግሌ ካልጠራ ቤቱን ትለቂልኛለሽ» አሉኝ። ያን ማታ አለቀስኩ። ያቺ ክፍል ሕይወቴ ነች።

ጠዋት ግርማ ቢሮ ሄድኩ። «ይመስክሩልኝ» አልኩት። ፊቱ ቀላ። በሹክሹክታ «እኔ እዚህ ‹አዳልጦኝ ወደቅሁ› ነው ያልኩት። የክፍል ኃላፊ ሆኜ በግ ወጋኝ ልበል?» አለ። «የኔ ስም ነው የሚጠፋው፣» አልኩት፣ «በርስዎማ ቢበዛ ይሳቃል።» ጠረጴዛውን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ እና በረጅሙ ተነፈሰ። «እሺ፣» አለ፣ «ግን በጉ ይታሰር።»

እኔም አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ፖስተር ሲሠራ ፎቶው ይቆረጣል፣ ዳር ዳሩ ይወጣና ፊቱ ብቻ ይቀራል። ሙሉው ግን ነጋቲቩ ላይ፣ ፊልሙ ላይ ማለቴ ነው፣ አለ! ጨለማ ክፍሌ ገባሁ፣ ምንም ሳልቆርጥ በትልቁ አጠብኩት። ወረቀቱ ውሃው ውስጥ ቀስ እያለ ሲገለጥ መጀመሪያ የጋሽ ደምሴ ፊት መጣ፣ ከዚያ ባሕር ዛፉ፣ ከዚያ በግራ ጥግ በኩል… እኔ ብቻዬን እዚያ ጨለማ ውስጥ በሳቅ ፍርስ አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለሽምግልናው እንጦጦ ወጣን። እማማ አቦነሽ «እኔም በጆሮዬ እሰማለሁ» ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ያን ዳገት ወጡት! ጋሽ ደምሴ ግቢ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ እትዬ የሺ ፊታቸውን አዙረዋል፣ ጋሽ ደምሴ መሬት መሬት ያያሉ። ግርማ ከበጉ የራቀውን መቀመጫ መረጠ። ዋናው ሽማግሌ «በይ ልጄ፣ ምን አለሽ?» አሉኝ። እኔ ምንም ሳልናገር ፎቶውን ሰጠኋቸው። አራቁት፣ አቀረቡት። «ደምሴ ነው። ይስቃል። ይሄ ጥግ ላይ ያለው ምንድነው? ሁለት… ጫማ ነው? ጫማ ወደ ሰማይ?»

ሁሉም ተጠጋ። ከጥጉ ላይ፣ ከድንቹ ቅጠል መሐል፣ የሚያበሩ ሁለት ጫማዎች ሰማዩን ያያሉ።

«ይሄ የማን እግር ነው?»

ግርማ ጉሮሮውን ጠረገ። ተነሳ። ክራባቱን አስተካከለ። «የኔ ነው» አለ።

«ምን ሲሠራ?»

«በጉ…» አለና ቆመ። «በጉ ወግቶኝ።»

እንግዲህ ሽማግሌ ክብሩ አለመሳቁ ነው አይደል? ዋናው ሽማግሌ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ሁለተኛው ጋቢያቸው ውስጥ ገቡ፣ ግን እማማ አቦነሽ፣ እኚያ ጥብቅ ሴት፣ ሳቃቸው አመለጣቸውና ምርኩዛቸውን ጣሉ። ከዚያ ማን ይቻል! ግቢው በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ደምሴም ያ ቀን ታወሳቸው፣ ሂ… ሂሂ… ጀመሩ፣ እና እጃቸው ወዲያው ወደ አፋቸው ሄደ።

እትዬ የሺ አዩ። ተነሱ፣ ሄዱና የጋሽ ደምሴን እጅ ያዙ። «አውርደው፣» አሉ። «እጅህን አውርድ። ከኔ ምን ትደብቃለህ? በሰው ፊት ንገረኝ።»

ሳቁ ሁሉ ቀስ በቀስ ቆመ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አወረዱ። «በሠርጋችን ቀን፣» አሉ፣ «ከሚዜዎቼ ጋር ስስቅ፣ አንቺ ላክስትሽ ‹ውይ፣ ጥርሱ!› ስትዪ ሰማሁ። ፈረስ ነው የረገጠኝ፣ ልጅ ሆኜ። እና ዳግም እንዳታዪው ብዬ ነው።»

እትዬ የሺ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። «እኔ አላስታውስም» አሉ። ኋላ ደግሞ «ብዬ ይሆናል። ልጅ ነበርኩ፣ አላውቅህም ነበር፣ ፈርቼ ነበር። ግን አንተ ሰውዬ፣ አንዲት ‹ውይ› ተሸክመህ ይሄን ሁሉ ዘመን? ብትጠይቀኝስ?»

«ብጠይቅሽና ‹አዎ፣ ያስጠላል› ብትዪኝስ?» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ በጣም ቀስ ብለው።

እትዬ የሺ ግን ምን አደረጉ? አፋቸውን እስከ መጨረሻው ከፈቱት! በጣታቸው እያሳዩ፣ «በል እየው! ይሄም የለ፣ ይሄም የለ፣ እዚህ ጋ ያለው አንድ መንጋጋ ነው፣ እሱም ይነቃነቃል! ‹ውይ› በለኛ! ተራህ ነው፣ በል!»

«ውይ!» አሉ ጋሽ ደምሴ። እና ሁለቱም ተያይዘው ሳቁ፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ማንም ምንም ሳይሸፍን። «ልጄ፣ ምን ታያለሽ፣ አንሺ እንጂ!» አሉኝ እትዬ የሺ። አነሳሁ፤ ግን ራሴም እየሳቅሁ፣ እያለቀስኩም፣ ያ የማይንቀጠቀጥ የተባለ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሳጥበው ፎቶው ደበዘዘ፣ ፊታቸው ተነቃንቋል። አፍሬ ወሰድኩላቸውና «ሌላ ላንሳችሁ» ስል እትዬ የሺ ነጠቁኝ። «ይሄ ነው፣» አሉ፣ «ስንስቅ እንዲህ ነው የምንነቃነቀው።» ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ ወዲያማ ማን ያዘኝ! እማማ አቦነሽ ራሳቸው በር ላይ ተቀምጠው «ግቡ፣ ዋናዋ አለች» እያሉ ደንበኛ ያስገቡልኛል። ግርማ ለሳሙናውም፣ ለዘይቱም፣ ለማንም የሚያውቀው ፋብሪካ ሥራ ጠቆመኝ፤ እኔም ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ያልገባሁበት ቤት የለም። ሰውም ‹አሳቂዋ› አለኝ። እኔ ግን አሳቂ አይደለሁም። ቀልድም አልችልም። የኔ ሙያ ምንድነው መሰላችሁ፣ መጠበቅ ነው። ሰው ካሜራ ሲያይ ሌላ ሰው አምጥቶ ፊቱ ላይ ያቆማል፤ ያ ሰው ደክሞት እስኪሄድ ትጠብቃላችሁ፣ እና ባለቤቱ ብቅ ሲል፣ ቀጭ። ኋላ ዲጂታሉ መጣ፣ ስልኩ መጣ፣ ሰፈሩም ፈረሰና እኔም እዚህ አያት ቤት ደረሰኝ። አልከፋኝም። አሁን ሰው ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆኗል፣ እሰየው ነው። ብቻ አትቸኩሉ ነው የምላችሁ። ሺ ጊዜ ቀጭ ከምትሉ አንዴ ጠብቁ።

«እማማ ጽጌ፣» አለች ሜላት፣ «ግን ጋሽ ደምሴ ኋላ ጥርስ አላስተከሉም? አሁንኮ ቀላል ነው።»

አስተከሉ እንጂ! ልጆቻቸው ናቸው ከተማ አውርደው ያስተከሉላቸው፣ ነጭ፣ የሚያበራ፣ የሚወልቀውን ዓይነት። ደስ ብሏቸው ቤት ገቡና ለእትዬ የሺ ፈገግ አሉላቸው። እትዬ የሺ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አውልቀው! ባሌን ወዴት ወሰድከው?» ታዲያ ከዚያ ወዲያ ምን ያደርጉ ነበር መሰለሽ፣ እንግዳ ሲመጣ ያጠልቁታል፣ እንግዳው ሲወጣ ኪሳቸው ይከቱታል። ካ ካ ካ! ኪሳቸው!